ዲፈረንሻል፦ ከኋላ «ቋ» የሚለው ማን ነው?

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በኢሲኤ በኩል ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ በሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ የኋላ ወንበር የደረሰው ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። «ወራጅ አለ» ይባላል፣ ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ሰው ይወርዳል፣ ረዳቱ በሩን ወርወር አድርጎ ይዘጋል። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ከወንበሩ ሥር «ቋ» ይላል፤ ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል። ተሳፋሪው ለምዶታል። ሾፌሩም ለምዶታል፤ ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ድምፁ የሚመጣው ከኋላው አክስል መሀል ላይ ካለው፣ ዱባ ከሚያህለው የብረት ቤት ወይም ከአካባቢው ነው። ዲፈረንሻል የሚባለው እሱ ነው። ሥራው ሦስት ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ካርዳን በመኪናው ርዝመት ተዘርግቶ ይሽከረከራል፤ የጎማዎቹ ዘንግ ደግሞ አግድም ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱ መታጠፍ አለበት። በካርዳኑ ጫፍ ያለው ትንሹ ባለጥርስ፣ ፒኞን፣ ትልቁን ክብ ባለጥርስ፣ ኮሮናን፣ እየገፋ ያጥፈዋል (ኮሮና የሚለው ስም ጋራዥ የገባው ከወረርሽኙ በፊት ነው)። ፒኞኑ አራት ጊዜ ያህል ሲዞር ኮሮናው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ሦስተኛው ሥራ መኪናው ሲታጠፍ የሚታይ ነው። የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ከኮሮናው ጋር አብሮ በሚዞረው ቤት ውስጥ ያሉ ትንንሽ ባለጥርሶች ሁለቱ ጎማዎች በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳሉ። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር ይህን ዘዴ ለእንፋሎት ተሽከርካሪ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ጥርስ ከጥርስ ጋር ገጥሞ እንዲሠራ መጠነኛ ክፍተት ይፈልጋል። ጭራሽ ክፍተት ከሌለ ዘይት መግቢያ ያጣል፣ ብረቱም ሲሞቅ ስለሚሰፋ እርስ በርሱ ይፋተጋል። ክፍተቱ ሲበዛ ደግሞ ጥርሱ ጓደኛውን መግፋቱን ትቶ መምታት ይጀምራል። ለብዙ የቶዮታ የኋላ ዲፈረንሻሎች የሚፈቀደው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የምናገኘው ተራ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የምንነጋገረው ከአንድ ወረቀት በላይ፣ ከሁለት ወረቀት በታች ስለሆነች ስፋት ነው።

ወረቀት ያነሳሁት በምክንያት ነው። በውጭው ዓለም አዋቂዎች የሚያሽከረክሯቸው ትልልቅ ባለሪሞት መኪናዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ የእውነተኛ መኪና አንድ አምስተኛ ያህላሉ። እንደ ኤችፒአይ ባሃ 5ቢ ያሉት የቤንዚን ሞተር አላቸው። እንደ ትራክሳስ ኤክስ-ማክስ ያሉት በባትሪ ይሄዳሉ፤ አምራቹ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ይላል። መጫወቻ ይባሉ እንጂ ሆዳቸው ሲከፈት ፒኞኑም፣ ዲፈረንሻሉም፣ ኩሽኔታውም አለ። ባለቤቶቻቸው የሞተሩን ፒኞን ከትልቁ ባለጥርስ ጋር ሲያጋጥሙ በመካከል ቁራጭ ወረቀት ያስገባሉ፣ ሞተሩን ገፋ አድርገው ቡሎኑን ያጠብቃሉ፣ ከዚያ ባለጥርሱን አዙረው ወረቀቱን ያወጣሉ። በወረቀቱ ምትክ የቀረችው ክፍተት ትበቃለች።

እነዚህ ትንንሽ መኪናዎች ለትልቁም የሚሆን ትምህርት አላቸው። ባለቤቱ «ጥርሱ ላላ» ብሎ ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ደህና ጥርስ ነው። የላላው ጥርሱን የያዘው ነው፤ በንዝረት የተፈታ ቡሎን፣ ያለቀ ኩሽኔታ፣ ጉልበት ሲበዛበት የሚለጠጥ የፕላስቲክ ቤት። ለዚህ ነው ቡሎኑን ከዘይት አጽድተው ሎክታይት ቀብተው የሚያስሩት፤ ዘይት የነካው የቡሎን ጥርስ ላይ ሎክታይት በደንብ አይዝምና። ሚኒባሱም ከዚህ አይለይም። ኩሽኔታው አልቆ እያለ ጥርሱን ብቻ ማስቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም ጥርስ ባረጀ ኩሽኔታ ላይ እየተወዛወዘ ይበላል።

እና ከየት ይጀመር? ጥሩ መካኒክ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፣ ማርሹን ፎሌ ላይ ይተዋል፣ ከሥር ይገባል። መጀመሪያ የሚፈትሸው የካርዳኑን መጋጠሚያ፣ ክሮቸራውን ነው፤ በክሮቸራ ጥፋት የሚወቀስ ዲፈረንሻል ብዙ ነውና። ቀጥሎ ካርዳኑ ከፒኞኑ የሚታሰርበትን ቦታ በእጁ ይዞ ይነቀንቃል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ቢዞር ያለ ነገር ነው። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወይም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተነቃነቀ ግን የፒኞኑ ኩሽኔታ ተበልቷል ወይም ዳዶው ላልቷል። ድምፁም ይናገራል። ነዳጅ ሲሰጠው የሚያፏጭ ብዙ ጊዜ ፒኞኑ ትክክለኛ ቦታውን ስለሳተ ነው። ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ነው። ሲታጠፍ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ውስጠኞቹ ትንንሽ ባለጥርሶች ይሄዳል።

ተከፍቶ ሲገጠም ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ይመጣል። በብዙ የቶዮታ አክስሎች ላይ ኮሮናውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙ ሁለት ክብ ባለጥርስ ዳዶዎች አሉ፤ አንዱ የተፈታውን ያህል ሌላው ሲጠብቅ ኮሮናው ወደ ፒኞኑ ይጠጋል ወይም ይርቃል። ክፍተቱ የሚለካው በመለኪያ ሰዓት ነው፤ እዚህ ወረቀት አያዋጣም። ከዚያ ጥቂት ጥርሶች ቀለም ተቀብተው ይዞራሉ፤ የነካካው ቦታ ቀለሙን ይለቅና አሻራ ይወጣል። አሻራው የጥርሱ መሀል አካባቢ ካረፈ ሥራው ቀንቷል። ወደ አናቱ ወይም ወደ ሥሩ ካዘነበለ ፒኞኑ ሥር ያለው ስስ የብረት ቀለበት በሌላ ውፍረት መለወጥ አለበት፤ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። በብዙዎቹ ላይ ፒኞኑን የሚያጠብቀው ዳዶ ሲታሰር ውስጡ ያለ የብረት ቱቦ በልክ ይጨፈለቃል። ከልኩ ካለፈ ዳዶውን መለስ አድርጎ ማላላት መፍትሔ አይሆንም፤ ቱቦው አንዴ ተጨፍልቋልና አዲስ መግባት አለበት። ከጥገናው በኋላ መኪናው ቶሎ ወደ «ቋ» የሚመለሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ስለተቸኮለ ይመስለኛል።

ከተማችንም ዲፈረንሻሉን አታግዘውም። አዲስ አበባ በጠቅላላው ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ታክሲ ደግሞ ሥራው መቆምና መነሳት ነው። በተነሳ ቁጥር የጥርሱ አንድ ፊት ይመታል፣ ቁልቁል በማርሽ ሲያዝ ሌላው ፊት ይጫናል። ዘይቱ ከተረሳ ነገሩ ይፋጠናል። የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች እየተገፋፉ ብቻ ሳይሆን እየተንሸራተቱም ስለሚሠሩ ለዚያ የተዘጋጀ ዘይት ይሻሉ፤ ጣሳው ላይ ጂኤል-5 የሚል አለው። የሞተር ዘይት አይተካውም።

«የኤሌክትሪክ መኪና መጣ፣ ይህ ሁሉ ቀረ» የሚል ይኖራል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ባለባትሪዎቹ በየመንገዱ በዝተዋል። ካምቢዮአቸው ቀሏል፤ ዲፈረንሻላቸው ግን አለ። ሾፌሩ እግሩን ከፍጥነት መስጫው ሲያነሳ ሞተሩ ጎማውን መልሶ ስለሚጎትት ጥርሶቹ ፊትና ኋላ መጫናቸው አልቀረም፤ የሞተር ጩኸት ስለሌለ ደግሞ ትንሿም «ቋ» ትሰማለች።

ለአሮጌው ሚኒባስ ባለቤት አንድ ነገር ላክል። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተፈትገው የሚወጡ ጥንዶች ናቸው፤ ብዙ አምራቾች ሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ይቀርጹባቸዋል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ ሲገዙ ግሪሱን ጠርገው ቁጥሮቹን ሳያስተያዩ አይክፈሉ፤ ካልተመሳሰሉ ሻጩ ምንም ቢቀንስልዎ ይተዉት።