ጠፍጣፋ ሆድ ወይስ ሹል ሆድ?

የአሉሚኒየም ጀልባ መጠገን ሥራዬ ነው። ሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖች «ሁለቱም 14 ጫማ ናቸው፤ ርካሹን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ርዝመቱን ለጊዜው ተዉት፤ ዋናው የሆዱ ቅርጽ ነው።

ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነው ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ እንደ ልብ ይሄዳል፤ ቆማችሁ ስታጠምዱም ብዙ አይናወጥም። ለትናንሽ ሐይቆችና ለሚሲሲፒ ወንዝ የተረጋጉ ዳርቻዎች ይበቃል። ማዕበል ሲመጣ ግን ውሃውን አይሰነጥቅም፤ እየተላተመ ነው የሚሄደው፤ ውሃም ወደ ውስጥ ይረጫል። ሚል ላክስ ሐይቅ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱም ያን ያህል ስላልሆነ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል። እዚያ መውጣት ያሰበ ሰው ማዕበሉን የሚሰነጥቀውን ባለ ሹል ሆዱን ይግዛ። ልጆች የሚያሳፍር ከሆነማ ሌላ ምርጫ አይታየኝም።

የምትገዙት ያገለገለ ከሆነ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የአሉሚኒየሙን ቆርቆሮዎች የሚያያይዙትን ሪቬቶች ፈትሹ። ጀልባው ተጎታቹ ላይ እንዳለ ጥቂት ውሃ ጨምሩበትና ከውጭ የሚያንጠባጥበውን ቦታ ፈልጉ። ጥቂት ሪቬት ቢያፈስ አያስፈራም፤ ይጠገናል። እኔን የሚያሳስበኝ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ እንጨት አለው። ሞተሩን ይዛችሁ ስትነቀንቁት ግድግዳው ከተወዛወዘ እንጨቱ በስብሶ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

ጀልባው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳም አንብቡ። ስንት ሰው፣ ስንት ክብደት፣ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚችል ተጽፎበታል። ከዚያ አትለፉ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳትለብሱም ከዳርቻው አትራቁ።