በበረሃ መካከል የሚዘጋጅ የበዓል ማዕድ

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኳርትዝሳይት የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በ2020 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የቋሚ ነዋሪዎቿ ቍጥር 2,413 ብቻ ነበረ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በሐምሌ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ መንገደኛው ውሃና ቤንዚን ገዝቶ ፈጥኖ ያልፋታል እንጂ አይቀመጥባትም። የሰሜኑ አገር ብርድ መበርታት ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። በከተማዪቱ ዙሪያ ያለው ጠጠራማ ሜዳ፣ ቀድሞ ከቍልቋልና ከቍጥቋጦ በቀር ምንም ያልነበረበት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በነጫጭ ጣራዎች ይሸፈናል።

እነዚህ ጣራዎች የተሽከርካሪ ቤቶች ጣራዎች ናቸው። ተሽከርካሪ ቤት፣ ባለቤቶቹ በአጭር አጠራር «አርቪ» የሚሉት፣ ወይ ራሱ ሞተር ያለው፣ ወይ በሌላ መኪና የሚጎተት፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ የተሟላለት ቤት ነው። የመሬት አስተዳደር ቢሮ የተባለው የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ከ1983 ጀምሮ እንዲህ ላሉት ክረምት ከራሚዎች የተለየ ስፍራ መከለል ጀመረ። በኳርትዝሳይት አጠገብ የሚገኘው ላ ፖሳ የተባለው ክልል ከነዚህ አንዱ ነው። ፈቃድ የገዛ ሰው ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለት ሰባት ወር ሙሉ፣ በዚያ ሊሰፍር ይችላል።

በነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስቶች ናቸው፤ ከሚኒሶታ፣ ከሞንታና፣ ከካናዳም ሳይቀር ብርዱን ሸሽተው ይመጣሉ። ስለዚህም ሕዝቡ «የበረዶ ወፎች» ብሎ ይጠራቸዋል። ሌሎቹ ግን ለመዝናናት የመጡ አይደሉም። የቤት ኪራይ ከገቢያቸው በላይ ስለ ሆነባቸው፣ ወይም የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ወይም በፍቺ ስላጡ፣ ያላቸውን ሁሉ በአንዲት አሮጌ መኪና ጭነው መንገድ የወጡ ናቸው። የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ጄሲካ ብሩደር የተባለች ጋዜጠኛ በ2017 ባሳተመችው «ኖማድላንድ» በተባለው መጽሐፏ ገልጻዋለች፤ ከዚሁ መጽሐፍ ተነሥቶ የተሠራውም ፊልም በ2021 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

በአዘቦት ቀን ብቻውን የሚኖር ሰው ብቸኝነቱን በሥራ ይረሳዋል፤ ጎማውን ይመረምራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ወደ ከተማ ሄዶ ልብሱን ያጥባል። በበዓል ቀን ግን ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ ይውላል፤ ከጎረቤቱ የሚመጣው የጥብስ ሽታም የልጆቹን ቤት ያስታውሰዋል። በበረሃው ሰፈር የሚዘጋጀው የጋራ ማዕድ መታየት የሚገባው ከዚህ አንጻር ይመስለናል።

በሰፈሩ ከሚከበሩት ታላላቅ በዓላት አስቀድሞ የሚውለው የምስጋና ቀን ነው። አሜሪካኖች ይህን በዓል በ1621 በፕሊመዝ የሰፈሩ እንግሊዛውያንና የዋምፓኖአግ ሕዝብ አብረው ከበሉት የመከር ግብዣ ጋር ያያይዙታል። በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን እንዲከበር ግን ብዙ የደከመችው ሣራ ጆሴፋ ሄል የተባለች የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ነበረች። ይህች ሴት ለብዙ ዓመታት በመጽሔቷ ስትጽፍና ለባለ ሥልጣኖች ደብዳቤ ስትልክ ኖራ፣ በ1863 ለፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ጻፈች፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት፣ የእርስ በርሱ ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ በዓሉ እንዲከበር ዐዋጅ አወጡ። የቤተ ሰብ ዓምድ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያነቡ ደስ ቢላቸው አያስገርምም። ቀኑ የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ እንዲሆን በሕግ የተወሰነው በ1941 ነው።

የበዓሉ ዋና ምግብ ተርኪ ነው። ተርኪ ከተራው ዶሮ እጅግ የሚበልጥ ትልቅ ወፍ ሲሆን፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚገዛው ስድስት ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የተሽከርካሪ ቤት ምድጃ በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራ፣ ጠባብና ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ ወፉ እንደ ምንም ቢገባ እንኳ ጀርባው ጣራውን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ላዩ ሲያር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ማቀዝቀዣውም ትንሽ ነው። ተርኪው በበረዶ ደርቆ የተገዛ እንደ ሆነ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶው እስኪለቀው ድረስ ለየሁለት ኪሎው አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ለስድስቱ ኪሎ ሦስት ቀን መሆኑ ነው። በነዚህ ሦስት ቀኖች ወተቱና ቅቤው የት ይቀመጥ? ወፉን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ በረዶውን ማስለቀቅ ፈጣን ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ውሃው በየግማሽ ሰዓቱ መለወጥ አለበት፤ ሥራውም ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቧንቧ ባለበት ከተማ ይህ ምንም አይደለም። በበረሃ ግን መካከለኛ የሆነ የአንድ ቤት ታንክ የሚይዘው ሁለት መቶ ሊትር ያህል ነው፤ ይህም ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠቢያ ለብዙ ቀኖች እንዲበቃ ይፈለጋል።

ወፉን በፀሐይ ላይ አስቀምጦ በረዶውን ማስለቀቅ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ከቶ ሊደረግ አይገባም። ከ5 ዲግሪ በላይና ከ60 ዲግሪ በታች ባለው ሙቀት በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን በሥጋ ላይ ፈጥነው ይራባሉ። ተርኪ በሰለ የሚባለውም ቆዳው ስለ ቀላ ሳይሆን፣ በወፍራሙ ሥጋ ውስጥ የተሰካው የሙቀት መለኪያ 74 ዲግሪ ሲያሳይ ነው። ብዙ አረጋውያን ከአንድ ማዕድ በሚበሉበትና ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት ስፍራ ይህች ትንሽ መሣሪያ ከቢላዋ ይልቅ ታስፈልጋለች።

እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ሊያዘጋጀው የማይችለውን ምግብ ሰፈሩ ተከፋፍሎ ያዘጋጀዋል። አንዷ ማቀዝቀዣዋን ባዶ አድርጋ ተርኪውን ታስቀምጣለች፤ የእርሷን ወተትና እንቍላል ጎረቤቷ ይረከባል። ሌላዪቱ ደረቱንና እግሩን ለያይታ ትጠብሳለች፤ ተቈራርጦ የሚጠበስ ሥጋ በጠባብ ምድጃም ይበስላልና። ሦስተኛዪቱ የዱባ ፓይ ትጋግራለች። ምግብ ማብሰል የማይችለው ሽማግሌ በረዶና የወረቀት ሳሕን ከከተማ ይዞ ይመጣል። ማን ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ካልተጻፈ ግን ዐሥራ ሁለት የዱባ ፓይ መጥቶ ድንች የሚያመጣ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን የምትይዘው ሴት የግብዣው ዋና ሹም ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ነገር አለ። በሰፈሩ ዳር ብቻዋን ወደ ቆመች አሮጌ መኪና ሄዶ «ብቻዎን ነዎትና ከእኛ ጋር ይብሉ» ማለት በጎ ሐሳብ ቢሆንም ሰሚውን ሊያሳፍር ይችላል፤ መልሱም «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» ሆኖ ይቀራል። «ምድጃችን ሞላብን፤ ይህን ስኳር ድንች በእርስዎ ምድጃ ይጋግሩልን ዘንድ እንለምንዎታለን» የተባለ ሰው ግን ተለማኝ ነው እንጂ ለማኝ አይደለም። የጋገረውን ለማድረስ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም ወንበሩን ይዞ እንዲመጣ ይነገረዋል። የምድጃው ጥበት ለደግ ሰው መልካም ምክንያት ሆነለት ማለት ነው። በከተማ ሰፊ ምድጃና ሰፊ ማቀዝቀዣ ያላት እመቤት ይህን ምክንያት በቀላሉ አታገኘውም።

ከቤት ውጭ የሚበስለው ምግብ ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። «ዳች አቨን» የሚሉት፣ ሦስት አጫጭር እግሮች ያሉት ወፍራም የብረት ድስት አለ። ክዳኑ ዙሪያውን ከንፈር ስላለው ፍም ሲደረግበት አይንሸራተትም። ድፎ ዳቦ ለጋገረ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ እሳቱ ከላይም ከታችም ነውና። ይሁን እንጂ አሜሪካኖቹ ፍሙን ይቈጥሩታል። ስፋቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ለሆነ ድስት፣ በፋብሪካ በአንድ መጠን ከተሠራው ከሰል ሃያ አምስት ያህል ይወሰድና፣ ዐሥራ ሰባቱ በክዳኑ ላይ፣ ስምንቱ ከሥር ይደረጋል። የውስጡም ሙቀት 175 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከታች የበዛ እንደ ሆነ ምግቡ ያራል። ነፋስ ሲነፍስም ከሰሉ በአንድ ወገን አብልጦ ስለሚነድ፣ ድስቱን ወደ ቀኝ፣ ክዳኑን ወደ ግራ በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ማዞር ያስፈልጋል። በዚህ ድስት ውስጥ ኮክና ሊጥ ተደርቦ የሚጋገረው ጣፋጭ በሰፈሩ እጅግ የተወደደ ነው።

ለጢሱ መዓዛ ሲባል የሜስኪት እንጨት ይነዳል። ይህ ዛፍ በአፋር ምድር ግጦሹን እየወረረ አርብቶ አደሩን ያስቸገረው፣ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ወደ አፋርም የገባው ዘር ምንጩ የአሜሪካ አህጉር ነው። እዚያ በትውልድ አገሩ ሥጋ ማጣፈጫ ሆኖ ሲመሰገን እዚህ መረገሙ የሚያስገርም ነው።

አንዳንዶች ተርኪውን በትልቅ ድስት በፈላ ዘይት ውስጥ ነክረው ይጠብሱታል። በምድጃ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ወፍ በዚህ አኳኋን በሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ ጣዕሙንም የቀመሱት ሁሉ ያመሰግኑታል። አደጋው ግን ትልቅ ነው። በወፉ ውስጥ ጥቂት በረዶ ወይም ውሃ ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ውሃው በአንድ አፍታ እንፋሎት ሆኖ ዘይቱን ያገነፍለዋል፤ ዘይቱም በእሳቱ ላይ ፈስሶ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ይህ ሥራ ከቤቱና ከሸራው ጥላ ርቆ፣ በባዶ ጠጠር ላይ ካልሆነ በቀር አይሠራም። ማታ ሲበርድም የጋዝ ምድጃውን ለኵሶ ቤቱን ማሞቅ የሚያሠጋ ልማድ ነው፤ መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውምና፣ የተኛውን ሰው ሳያስነቃ ይገድላል።

ማዕዱ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ገደማ ቢቀርብ መልካም ነው። በኖቬምበር መጨረሻ ፀሐይ ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ትጠልቃለች፤ ከዚያም በኋላ የበረሃው አየር በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ መረቁም በሳሕኑ ላይ ይረጋል። ጠረጴዛዎቹ ከቤቶቹ በስተ ጀርባ፣ ነፋስ በማይመታበት ወገን፣ ተገጣጥመው ይቀመጣሉ፤ የጠረጴዛው ልብስ በድንጋይ ይያዛል። ቡራኬ የሚያውቅ ሰው ካለ ይባርካል፤ ከሌለም እያንዳንዱ ስለምን እንደሚያመሰግን በአጭሩ ይናገራል። በዚህ ጊዜ ዝም የሚልም ሰው አለ፤ ዝም ማለቱን ማንም አይነቅፍበትም።

ለገና በዓል ደግሞ ከተርኪ ይልቅ ለበረሃ የሚስማማ ምግብ አለ፤ ይኸውም ታማሌ ነው። አብዛኛው የአሪዞና ክፍል እስከ 1848 ድረስ የሜክሲኮ ግዛት ስለ ነበረ፣ ይህ የሜክሲኮ የበዓል ምግብ በዚያ እስከ ዛሬ ይወደዳል። የበቈሎ ሊጥ በበቈሎ ሽፋን ላይ ተለቅልቆ፣ መካከሉ ላይ በበርበሬ የተሠራ ሥጋ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ ከዚያም ከድስቱ ግርጌ ባለው ጥቂት ውሃ እንፋሎት ይበስላል። ውሃ አይፈጅም፣ ሰፊ ምድጃም አይፈልግም፣ ሽፋኑም ስለ ሳሕን ሆኖ ያገለግላል። አሠራሩ አድካሚ ነው፤ አንዱ ይለቀልቃል፣ አንዱ ሥጋ ያደርጋል፣ አንዱ ይጠቀልላል። ስለዚህ ብቻውን ታማሌ የሚሠራ ሰው እምብዛም አይገኝም። በእኛ አስተያየት የሰፈሩ ሰዎች በምስጋናም ቀን ታማሌ ቢሠሩ ይቀላቸው ነበር፤ ነገር ግን የአገር ልማድ ከምድጃ ስፋት በላይ ነው።

ከምግብ በኋላ ወደ ከተማዪቱ መቃብር በእግር መሄድ ለሚወድ ሰው በዚያ አንድ የሚታይ ነገር አለ። ይኸውም ከድንጋይ የተሠራ ትንሽ ፒራሚድ ነው፤ በጫፉ ላይ የመዳብ ግመል ቆሞበታል። ከሥሩ ያረፈው ሐጂ ዓሊ፣ አሜሪካኖቹ ስሙ ስለ ከበዳቸው «ሃይ ጆሊ» ያሉት ግመለኛ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በበረሃው ላይ ዕቃ ለማጓጓዝ ግመሎችን ከባሕር ማዶ ባስመጣ ጊዜ፣ በ1856 ከኦቶማን መንግሥት ግዛት አብሯቸው መጣ። ሐሳቡ ብዙ ሳይራመድ የእርስ በርሱ ጦርነት ደረሰና ተተወ፤ ዓሊ ግን በዚያው ቀርቶ በ1902 ሞተ። በረሃን ቤቱን ተሸክሞ መሻገር ምን እንደ ሆነ ከተሽከርካሪ ቤቶቹ ባለቤቶች አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበረ።

የዕቃ አጠባውም እንደ ማብሰሉ በቍጠባ ነው። ሳሕኑና ድስቱ አስቀድሞ በወረቀት ይጠረግና ከዚያ በኋላ በጥቂት ሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ የቈሸሸው ውሃ የሚጠራቀምበት ታንክም ልክ አለውና። የተረፈ ቅባት በጣሳ ይከተታል። አጥንት በሜዳ ላይ አይጣልም፤ ኮዮቲ የሚባለው ቀበሮ መሳይ አውሬ ሽታውን ተከትሎ ይመጣልና፣ አንድ ጊዜ የለመደ እንደ ሆነ የሰፈሩን ትንንሽ ውሾች ያሠጋል። ስለዚህ ሥጋው ካለቀ በኋላ የተርኪው አጽም በትልቁ ድስት ይከተትና በማግስቱ ዐርብ ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር ይቀቀላል። ሾርባው ሲደርስ ባለ ድስቷ ክዳኑን በማንኪያ ትመታለች፤ ትናንት ስኳር ድንች ይዞ የመጣው ሽማግሌም ዛሬ ሳይጠራ ጎድጓዳ ሳሕኑን ይዞ ይወጣል።