አስታማሚዋንስ ማን ያስታማት?



መድኃኒት ቤት ስሠራ ሁሌ የማየው አንድ ነገር አለ። ለእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት ልትገዛ የመጣችውን ልጅ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» የሚላት ብዙ ነው፤ «አንቺስ እንቅልፍ አግኝተሻል?» የሚላት ግን የለም። ወንድሞቿ ከጅዳም ከዱባይም ገንዘብ ይልካሉ። ማሻአላህ፣ ቀላል እርዳታ አይደለም። ሌሊት እየተነሳች እናቷን የምታገላብጠው ግን እርሷ ብቻ ናት።

ወላጅን መኻደም ታላቅ ዒባዳ መሆኑን ከመድረሳ ጀምሮ ተምረነዋል። ይሁንና የሁሉም ልጆች ግዴታ በአንዲት ሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ፍትሕ አይደለም፤ ለበሽተኛውም አደጋ አለው። የደከመ ሰው መድኃኒት ይሳሳታልና።

በራሳችን ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አያቴ በስትሮክ ግራ ጎናቸው ከዛለ በኋላ ክኒን መዋጥ አቃታቸው። ሦስት ሌሊት በቅጡ ያልተኛችው እናቴ የግፊት ክኒናቸውን ፈጭታ በአጥሚት ሰጠቻቸው። ክኒኑ ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ እንዲሟሟ የተሠራ ነበር፤ ተፈጭቶ ሲገባ ግፊታቸውን በአንዴ ጣለው፣ ራሳቸውንም ሳቱ። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ። እኔ ያኔ የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን «ሪታርድ» የሚል ቃል ግን አንድም ቀን ለእናቴ አላስረዳኋትም።

ስለዚህ «ሪታርድ»፣ «ኤስ አር» ወይም «ኤክስ አር» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አትፍጩ፣ አትስበሩም። ሌላውንም ቢሆን ከመፍጨታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በሽሮፕ ወይም በሌላ ክኒን መቀየር ይቻላል። ስታበሉም ስታጠጡም በሽተኛው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ። ሲውጥ የሚያስለው ከሆነ ለሐኪም ንገሩ።

አንዳንድ እህቶች በሽተኛውን በየአዛኑ ያገላብጣሉ። ለማስታወስ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን አይበቃም። ከሱብሒ እስከ ዙህር 7 ሰዓት ገደማ አለ፣ ከዒሻእ እስከ ሱብሒ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት፤ አለዚያ ተረከዙ፣ ዳሌውና የጀርባው ታችኛው ክፍል ይቆስላል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁ ዳስሱት። የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም ቀለሙ የተለየ ቦታ ካገኛችሁ በዚያ ጎን አታስተኙት፣ አትሹትም።

ይህን ሁሉ ሌሊት አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። እናም በውጭ ያላችሁ ወንድሞች፣ ከምትልኩት ላይ ጥቂቱን በሳምንት ሁለት ሌሊት ለሚያድር ረዳት መድቡ። እዚሁ ያላችሁ ደግሞ ሌሊቱን ተከፋፈሉት። እናትን ወንድ ልጅ ሊያጥባት ያፍር ይሆናል፤ ገበያ መሄድ፣ መድኃኒት ማምጣትና እህቱ እስክትተኛ አጠገቧ መቀመጥ ግን አያሳፍርም።

የመስጂድ ኮሚቴዎችንና የእድር ዳኞችንም አንድ ነገር ልጠይቅ። እድራችን ለለቅሶ ድንኳን፣ ወንበርና ሳህን አለው። ለታመመው አባል የሚያውሰው አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ቢኖረውስ? የጀመዓው ሴቶች በተራ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢያግዟት፣ አስታማሚዋ ገላዋን ታጥባ፣ ሶላቷን ተረጋግታ ሰግዳ ትተኛለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚሠሩ፣ በቤታችሁ የተኛ በሽተኛ እንዳለ አሳውቋቸው። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ ብዙ ቦታ ደርሷል፤ አባል ከሆናችሁ የዓመቱን መዋጮ ሳታሳድሱ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት በአንድ ደብተር ጻፉ፤ ተራ የሚቀበላችሁ ሁሉ ከዚያ ያንብብ። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት የምትሰጡ ከሆነ እርሱንም ጻፉት፤ አንቆጣችሁም።

በሽተኛው ድንገት ከተወነባበደ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ካተኮሰው ወይም ቁስሉ መሽተት ከጀመረ እስኪነጋ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው፤ ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት።