የእንጦጦ ጭራሮ እና የአካባቢ ኢኮኖሚክስ

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ዋጋው የሚቆረጠው በሻጭና በገዢ ድርድር ብቻ ነው፤ ተራራው ሲራቆት በዝናብ የሚታጠበው አፈርና ወደ ቀበና ወንዝ የሚወርደው ደለል ግን ከዋጋው ውስጥ አይገባም። ገበያው ሳይቆጥር የሚያልፈውን እንዲህ ያለ ወጪና ጥቅም የሚመዝነው የዕውቀት ዘርፍ የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ይባላል።

አዲስ አበባ በ1886 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ መጥቶ በ1890ዎቹ መተከል የጀመረው ባሕር ዛፍ ነው።

ጀርመናዊው የደን ባለሙያ ማርቲን ፋውስትማን በ1849 ዛፍ በስንት ዓመቱ ቢቆረጥ መሬቱ የበለጠ እንደሚጠቅም የሚያሰላ ቀመር አቅርቦ ነበር፤ ከጉቶው ደጋግሞ ለሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ይህ ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ ደግሞ በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፋብሪካ ጭስ በጎረቤት ላይ የሚያደርሰውን ዓይነት ጉዳት፣ ማለትም ውጫዊ ወጪን፣ በግብር አማካይነት ወደ አድራጊው መመለስ እንደሚቻል አስረዳ። ኢኮኖሚስቱ ሮናልድ ኮዝ በ1960 መብቱ የማን እንደሆነ ከታወቀና መደራደር ብዙ ወጪ ካላስከተለ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ሊስማሙ እንደሚችሉ ሲከራከር፣ ሌላው ኢኮኖሚስት ጆን ክሩቲላ በ1967 ሰዎች ሄደው ለማያዩት የተፈጥሮ ሀብት እንኳ ዋጋ እንደሚሰጡ አሳየ።

በኢትዮጵያ ኢኮኖሚስቱ አለሙ መኮንን የገጠር ቤተሰቦች ለማኅበረሰብ ደን ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆኑ ጠይቀው ያጠኑትን በ2000 አሳትመዋል። በ2002 የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም በካዩ ያቆሸሸውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ይህም በመሠረቱ የፒጉ ሐሳብ ነው።

ይህ ሐሳብ ለቆዳ ፋብሪካ ቢስማማም እንጦጦ ላይ ግን ይቸገራል፤ ምክንያቱም በደን ጉዳት የምትጠየቀው ከቁመቷ የሚረዝም ጭራሮ በጀርባዋ አዝላ ቁልቁለቱን የምትወርደው ሴት ትሆናለች፤ በርካሽ ማገዶ እንጀራውን የሚጋግረው የከተማ ቤተሰብ ግን ምንም አይጠየቅም። ስለዚህ የደኑን ዋጋ ተምኖ የተሸካሚዋን ጉልበትና ጤና የሚዘል ጥናት ገበያው የሠራውን ስሕተት ይደግማል።