«ሺታ»፦ ዛፍ ሥር ያለ የጃፓን ቃል

ወለጋ ውስጥ ጊዳ አያና ላይ አንዲትን እናት «ልጁ የት አለ?» ብትሏቸው በኦሮምኛ «ሙጫን ሙካ ጀላ ጂራ» ሊሏችሁ ይችላሉ። በአማርኛ «ልጁ ዛፉ ሥር አለ» ማለት ነው። ጃፓናዊት እናት ደግሞ «ኮዶሞ ዋ ኪ ኖ ሺታ ኒ ኢማስ» ትላለች። ሦስቱን አስተያዩአቸው። ልጅ ይቀድማል፣ ዛፍ ይከተላል፣ «ሥር» ከዛፉ በኋላ ይመጣል፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ያስራል። ትምህርት ቤት የምንማረው እንግሊዝኛ ግን ግሡን ወደ መሐል ያመጣል፣ «ሥር»ንም ከዛፉ ያስቀድማል። የወለጋ ልጅ ጃፓንኛን «ሩቅ ነው» ብሎ እንዳይሸሽ የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የዓረፍተ ነገሩን መንገድ ከቤቱ ያውቀዋል።

የዛሬው እንግዳችን «ሺታ» ነው፤ ታች፣ ሥር ማለት ነው። ጃፓኖች ሲናገሩት «ሺ» ላይ ያለው ድምፅ ስለሚዋጥ ለአማርኛ ጆሮ «ሽታ» ይመስላል። ይህ መመሳሰል ቃሉን ለማስታወስ ይረዳል።

ዋናው ነገር ሺታ ስም መሆኑ ነው። የእኛም «ሥር» ስም ነው፤ ይቆፈራል፣ ይነቀላል። ስለዚህ ጃፓንኛ ዛፍንና ሺታን በባለቤትነት ያያይዛቸዋል፤ «ኪ ኖ ሺታ» የዛፍ ታች እንደ ማለት ነው። የእኛ «የ» ከዛፉ ትቀድማለች፣ «ኖ» ግን ትከተለዋለች። ተማሪ መጀመሪያ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የ«ሺታ»ን ፊደል በወረቀት ላይ ሞክሩት። አግድም መስመር አስምሩ፤ ከመካከሉ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አውርዱ፤ በቀኙ በኩል አጭር ጭረት ጨምሩ። በሦስት ጭረት «ታች» ተጻፈ። የ«ላይ» ፊደልም ሦስት ጭረት ነው፤ በእሱ ግን ረጅሙ አግድም መስመር ከታች ሆኖ ሌሎቹ በላዩ ይቆማሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ትርጉማቸውን አይረሳም።

አማርኛ ለድመቷም ለጫማውም «አለ» በሚለው ግሥ ይገለገላል። ጃፓንኛ ይለያል፤ አልጋ ሥር ላለች ድመት «ኢማስ»፣ አልጋ ሥር ላለ ጫማ «አሪማስ»። ዛፍ ሕይወት ቢኖረውም ራሱን ስለማያንቀሳቅስ የሚባልለት «አሪማስ» ነው። መኖርን ሳይሆን ድርጊትን ስትናገሩ ደግሞ ከ«ሺታ» ቀጥላ ቦታን የምታመለክተው «ኒ» ለ«ዴ» ቦታ ትለቃለች፦ ዛፍ ሥር ማረፍ «ኪ ኖ ሺታ ዴ» ይሆናል።

 

ሺታን የያዘ ሌሎቹን የቦታ ስሞች በዚያው የ«ኖ» ቀመር ይጨምራቸዋል፦ «ኡኤ» ላይ፣ «ናካ» ውስጥ፣ «ማኤ» ፊት፣ «ኡሺሮ» ኋላ፣ «ቶናሪ» አጠገብ። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አልጋችሁ ሥር ያለውን አንድ ዕቃ በጃፓንኛ ተናገሩ፤ ግሡን መጨረሻ ላይ ማድረግ አትርሱ።