ከአጥንት ጋር የሚዋሐደው ጥርስ

አንባቢ ሆይ፤ በደብረ ታቦር ገበያ ከጉና ግርጌ የመጣ አንድ ሽማግሌ የገብስ ቆሎ ሲቀርብላቸው «እኔስ ይቅርብኝ፤ ጥርስ የለኝም» ሲሉ ሰምተህ ይሆናል። ጥርስ የጎደለው ሰው የሚያጣው መልኩን ብቻ አይደለም፤ ምግቡን፣ ንግግሩንና ሳቁንም ጭምር ነው። ከዚህም በላይ ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ ስለሚፈታ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጎረቤት ጥርሶችም ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የጥርስ ተከላ ነው። አጀማመሩም ድንገተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ብሮነማርክ የተባሉ ስዊድናዊ ሐኪም የደምን ዝውውር ለመመርመር በጥንቸል አጥንት ውስጥ ቲታኒየም ከተባለ ብረት የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ተከሉ። ምርመራው ሲያበቃ ሊያወጡት ቢሞክሩ እንቢ አላቸው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ነበርና። በ1965 ዮስታ ላርሶን ለተባሉ የአገራቸው ሰው በዚሁ ብረት ጥርስ ተከሉላቸው፤ እኚህም ሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2006 ድረስ፣ ተገልግለውበታል።

በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ ቀልጦ ተሠርቷል፤ ይህ የሐኪሞች ብረት ግን ከአንድ የገብስ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ አጥንቱን በራጅ ይመለከታል፤ ቀጥሎም ድዱን አደንዝዞ ብረቱን እንደ ብሎን በአጥንቱ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ ከ3 እስከ 6 ወር ያህል ይጠበቃል። አጥንቱ ብረቱን አጥብቆ ከያዘ በኋላ በላዩ ማያያዣ፣ በማያያዣውም ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገጠማል።

ነገር ግን ለሁሉ የሚሆን አይደለም። ዕድገቱን ላልጨረሰ ልጅ አይተከልም፤ ሲጋራ ማጨስ፣ ያልታከመ የስኳር በሽታና የድድ ሕመምም ሥራውን ያበላሹታል። ሕክምናው በአዲስ አበባ የግል ክሊኒኮች ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ከደብረ ታቦር ለሚነሣም መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ምልልሱ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ጠቅላላ ዋጋውንና ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ሐኪሙን ጠይቅ። አቅም ካልፈቀደም የሚወልቅና የሚገጠም ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ፤ እርሱም ቆሎ ባያስቆረጥም እንጀራ ያስበላልና አይናቅም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የተፈጥሮውን ጥርስ መጠበቅ ነው። የታመመ ጥርስ ሁሉ የሚነቀል አይደለም፤ ቶሎ ከታየ ብዙውን ጊዜ ተሞልቶ ይድናል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ጠዋትና ማታ በፍሎራይድ ሳሙና ቦርሽ፤ ጥርስህም ሲያምህ ጉጠት ከመፈለግህ በፊት ሐኪም ፈልግ።