ከቤተ ጊዮርጊስ ደጅ ማን ይሽጥ?

እናቴ ላሊበላ ውስጥ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበራት። እንግዳ ሽሮ በልቶ ሲከፍል ብሩ ወዴት እንደሚሄድ እያየሁ ነው ያደግኩት። አተሩን የምትገዛው ቅዳሜ ገበያ ከደንበኛዋ ነው። እንቁላሉ ከጎረቤት ይመጣል። ማገዶውን ከአሸተን ማርያም በኩል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያቀርቡላታል፤ ለጠጁ የሚሆነው ማር ከላስታ ገበሬ ቀፎ የተቆረጠ ነው። ማታ እማዬ ዕዳዋን ስትከፍል፣ ጠዋት ፈረንጁ የሰጣት ብር አምስት ስድስት ቤት ገብቶ ያድር ነበር።

ይህን ያነሣሁት ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር ስለምንከራከርበት ነገር ነው። በየከተማው አንድ ዓይነት ሰሌዳ የሚሰቅሉ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤቶችና ትልልቅ የቅናሽ መደብሮች ወደ ላሊበላ ይግቡ ወይ? ጥያቄው የሩቅ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግዱን ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። አዲስ አበባ ካልዲስ ቡና በየሰፈሩ አለ፤ ፒዛ ሃትም በ2010 ገብቷል። እኛ ዘንድ ደግሞ ኮቪድ እንግዳውን አስቀረ፣ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ድረስ መጣ። የተጎዳ ከተማ የመጣለትን ሁሉ ሳይመርጥ ይቀበላል። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

እህቴ የምትኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ ባሕሩን ተሻግሬ ሳን ፍራንሲስኮን በእግሬ ዞርኩ። ፊሸርማንስ ዋርፍ የሚባለው የወደብ ዳር ቱሪስት ይርመሰመስበታል፤ በሌላ ከተማ ያየኋቸውን ሰሌዳዎች እዚያም አገኘኋቸው። ከዚያ ብዙም ሳልርቅ የጣሊያኖች ሰፈር ኖርዝ ቢች ገባሁ። የቆዩ ካፌዎች፣ ዳቦ ቤቶች፣ ደጃቸው ላይ ወንበር ያወጡ ትንንሽ ምግብ ቤቶች። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳጣራ ነገሩ ሕግ ነው።

ከተማው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ደንብ ባለቤቱ የየት አገር ሰው እንደሆነ አይጠይቅም፤ ይቆጥራል። ሌላ ቦታ 11 ወይም ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ካለህ፣ የምግብ ዝርዝርህ፣ ሰሌዳህና የሠራተኞችህ ልብስ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ በሰፈር የንግድ መንገዶች ለመክፈት ልዩ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ጉዳዩ በይፋ ስብሰባ ይሰማል፤ ነዋሪው ቆሞ ይናገራል። ደንቡን በ2006 ሕዝቡ በድምፁ አጠናከረው። ኖርዝ ቢች ላይ ደግሞ ጭራሹን ተከልክሏል። ለእኛ የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ቆጠራ ነው። ከውጭ የመጣውንም ከአዲስ አበባ የመጣውንም በአንድ ሚዛን ያያል።

የሚቃወሙኝ ጓደኞቼ ያለ ምክንያት አይናገሩም። ባለ ቅርንጫፉ ደመወዝ በወሩ ይከፍላል፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ እናቴ ቤት ውኃ የጠፋበትን ቀን አልረሳም። ግን ውኃውን ቢያስተካክሉላት ኖሮ ምግቡ የሷ ነበር። የታሸገ ሥጋና የተዘጋጀ ስጎ በመኪና ከሩቅ የሚያስመጣ ቤት ግን ከቅዳሜ ገበያ ምን ይገዛል?

ሌላም ነገር አለ። በ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ጎጆ የነበራቸው ነዋሪዎች ቅርሱን ለመጠበቅ ተብሎ ተነሥተዋል። ለድሃው ጎጆ ያልተፈቀደ ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያበራ ሰሌዳ ከተፈቀደ፣ ለእነዚያ ሰዎች ምን ብለን እንመልሳለን?

በቅናሽ መደብሩ ላይ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ የቀየረችኝ እናቴ ናት። «አንተ ልጅ፣ ዘይት በርካሽ የሚሸጥልኝ ቢመጣ ሰሌዳው ምን ይመስላል ብዬ አልጠይቀውም» አለችኝ። የላሊበላ እንግዳ ካሜራ ያንጠለጠለው ብቻ አይደለም። ለገና ቀናት ተጉዞ በእግሩ የሚመጣው፣ እኛም እግሩን አጥበን የምንቀበለው ምእመን ከኪሱ ያለችው ጥቂት ሳንቲም ናት። ሳሙናና ዘይት የሚረክስበት መደብር ለሱም ለነዋሪውም ይጠቅማል። ከከተማው ዳር፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ በኩል ይከፈት።

አንድ ነገር ግን እዚያም ቢሆን አይሸጥ እላለሁ፤ የሀገር ልብስ አስመስሎ ፋብሪካ ያተመው ጨርቅ። ሸማኔ ጥለቱን ክር በክር ሲያስገባ ቀናት ይፈጅበታል፤ የታተመው ጎኑ ሲሰቀል እንግዳው ልዩነቱን አያውቅም፣ ዋጋውን ብቻ ያያል። ሸማኔው መወርወሪያውን ካስቀመጠ ልጁ አያነሣውም።

ለከተማው አስተዳደር የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ፣ በእግር ሩብ ሰዓት በሚያስኬደው ክልል፣ ከአምስት በላይ ቅርንጫፍ ያለው ምግብ ቤት አይከፈት። ከዚያ ውጭ የሚከፈተው የነዋሪው ስብሰባ ይስማው። ቁጥሩ አምስት ይሁን ሰባት እንነጋገርበት፤ ግን ሰሌዳው ሳይሰቀል እንነጋገርበት፤ የተከፈተን ቤት ማዘጋት ከባድ ነው።

እናቴ ምግብ ቤቷን ከዘጋች ቆይታለች። ምጣዱን ግን አልሸጠችውም። ታናሽ እህቴ ለመጪው ገና ሁለት ጠረጴዛ አውጥታ ልትጀምር ነው፤ አተሩን ከማን እንደምትገዛ እማዬ ነግራታለች።